የማር ምስክር

ኮምቦልቻ ውስጥ ዳቦ ለመግዛት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። መስኮቱ ፊት መቆም፣ የሚፈልጉትን መናገር፣ መቀበል። በቃልና በቃል መካከል ከሦስት ሰከንድ በላይ ዝም ያለ ሰው ግን “ይቅርታ፣ ጥያቄዎ ግልጽ አይደለም” ይባልና ከኋላው ያለው ይጠራል። የአውቶቡሱ በር፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል፣ ቀበሌው፣ መብራት ኃይሉ፣ ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። በ2079 ዓ.ም. አፍ ያለው ይሳፈራል፣ አፍ የተያዘበት በእግሩ ይሄዳል። አዋጁን ያወጡት ሰዎች ምላሳቸው አንድ ቀን እንኳ ተይዞ አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ሦስት ላይ ባልቆሙ።

እንድሪስ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የበላው ያማረውን ሳይሆን መጥራት የቻለውን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። በተለይ “ደ” ጠላቱ ናት። ዳቦ እምቢ ሲለው አምባሻ ይላል፤ ድንች ሲያምረው ካሮት ገዝቶ ይገባል። ሰፈሩ “ደረቅ ወንዝ” ስለሚባል አንድ ፌርማታ ቀድሞ ይወርድና ቀሪውን በእግሩ ይጨርሰዋል። የገዛ ስሙ እንኳ መሐሏ ላይ ታደናቅፈዋለች፤ ስምህ ማነው ሲሉት መታወቂያውን ያወጣል። በዚህ የተነሳ ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ተለዋጭ የሚያውቅ ሰው ሆነ። አስተማሪዎቹ ቃላት የበዙለት ልጅ ነው ይሉ ነበር። የበዙለት አይደለም፣ የሚሸሽበት መንገድ ነው የበዛለት።

ከስምንት ወር በፊት ማር ገባለት። በወረቀት ላይ ስሙ “የአንደበት ረዳት” ነው፤ ሕዝቡ ግን ማር ይለዋል። ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ከጆሮ ጀርባ፣ ከቆዳ ሥር ትቀበራለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይያዝ ከወጣ አንጎል ውስጥ የደስታ ጠብታ ታወርዳለች። ከተያዘ ምንም የለም። አትቆነጥጥም፣ አትነዝርም። ደስታዋን መንፈግ ብቻ ይበቃታል።

የመጀመሪያው ቀን ፋብሪካው በር ላይ “እንደምን አደራችሁ” አለ፣ ሙሉውን፣ ሳይሰበር። ጠብታዋ ስትወርድ የተሰማው በረመዳን የመጀመሪያዋ ቴምር ምላስ ላይ ስታርፍ የሚሰማው ነገር ነበር። ጥበቃዎቹን ዞሮ እንደገና ሰላም አላቸው። በሦስተኛው ሳምንት በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ቀልድ ያወራ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ሐዋ ለጎረቤቱ ሁሉ “የልጄ ምላስ ተፈታ፣ አልሐምዱሊላህ” እያሉ ዞሩ። ልጃቸው ምን እንደሚያወራ ግን ልብ ያለ አልነበረም። እሱም ልብ አላለም። ማሰብ የሚፈልግ ነገር ፋታ ይፈልጋል፤ ፋታ ደግሞ ጠብታዋን ያስቀራል። እናም ቀስ በቀስ በአፉ የሚመላለሱት “አዎ”፣ “እሺ”፣ “ልክ ነው” ብቻ ሆኑ። በነዚህ ምላስ አይያዝም።

እንድሪስ በማቅለሚያ ፋብሪካው የጥገና ሠራተኛ ነው። ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቦይለሩ ያለ ልክ ጋለ፤ ማስተንፈሻ ቫልቩ እየተከፈተ እንፋሎቱን ይለቅ ጀመር። እንፋሎቱ ሲወጣ ማቅለሚያው ይቆማል። የፈረቃ ኃላፊው ደምመላሽ መጣና ቦይለሩን የምትጠብቀውን ዘምዘምን ቫልቩን በሽቦ እንድታስረው አዘዛት።

“አላደርገውም። ማስተንፈሻ የታሰረ ቦይለር ቦምብ ነው” አለችው።

“እንግዲያው ከፊቴ ጥፊ!”

ዋናውን መሐንዲስ ልትጠራ እየሮጠች ወጣች። ደምመላሽ ወደ እንድሪስ ዞረ። “ፒንሳህን አቀብለኝ።” እንድሪስ ሊል የፈለገው “ይቅርብህ፣ ደግ አይደለም” ነበር። ሁለት “ደ” ነበረበት። “እሺ” አለ፤ ጠብታዋ ወረደች፤ ፒንሳውን አቀበለ። ደምመላሽ ቫልቩን አሰረ። ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ፣ መሐንዲሱ ሳይገኝ፣ ቦይለሩ ፈነዳ። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር የቀራቸው ጋሼ አራጋው እዚያው ቀሩ።

በማግስቱ ፖሊስ ምስክሮችን ጠራ። የምስክርነት ቃል የሚሰጠው ለሰሚ ነው፤ ሰሚ ማለት በጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ማሽን ነው። በጽሑፍ መመስከር ከቀረ ሃያ ዓመቱ ነው፤ የማንም የእጅ ጽሑፍ በማንም ማሽን ስለሚጻፍ ወረቀት የሚያምን የለም። የሚታመነው ፊት ለፊት የተነገረ፣ ያልተቆራረጠ ድምፅ ነው። የሚቆራረጥ ሰው ይዋሻል። እንዲህ ብለው ሲደነግጉ ከመላው አገሪቱ አንድ ተብታባ ጠርተው አልጠየቁም።

“ቫልቩ አጠገብ ማን ነበር?” አለ ሰሚ።

“ዘምዘም ነበረች” አለ እንድሪስ። እውነት ነው፣ ነበረች። ጠብታዋ ወረደች።

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ደ…” ጉሮሮው ገጠመ። አንድ ሰከንድ። ሁለት። ደስታው ከሰውነቱ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተገፈፈ። ምላሱም ስምንት ወር የተማረውን አደረገ፣ ዞረ። “…ከዚያ ወጣች።”

“ቫልቩ የታሰረው ከመውጣቷ በፊት ነው?”

አይደለም። ቃሉ ደረቱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታየው ነበር። “አይ” የሚለው ይወጣል፤ ቀጥላ ግን ያቺ ጠላቱ ቆማ ትጠብቀዋለች።

“አዎ” አለ።

“ያሰረችው እሷ ናት?”

“አዎ።”

ዘጠኝ ጊዜ አዎ አለ። መጨረሻ ላይ ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር። “እናመሰግናለን” አለ ሰሚ፤ “የቃልዎ ፍሰት ዘጠና ስምንት ከመቶ። ተአማኒነት ከፍተኛ።” እንድሪስ ከክፍሉ የወጣው ፈገግ ብሎ ነው። ያን ፈገግታ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ምን እንዳደረገ የገባው አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዘምዘም በሁለት ፖሊስ መካከል ሆና የፋብሪካውን በር አልፋ ነበር። ሰው በመግደል ቢፈረድባት ቅጣቱ ዘጠኝ ዓመት ነው።

ወደ ፖሊስ ጣቢያው ተመልሶ ሮጠ። “ምስክርነትን ለማረም” አለ መስኮቱ፣ “ከመጀመሪያው ያላነሰ ፍሰት ያስፈልጋል።” አራት ጊዜ ሞከረ። አራቱንም ጊዜ የደምመላሽ ስም ላይ ተያዘ፤ አራቱንም ጊዜ ከኋላው ያለው ተጠራ። በአራተኛው መስኮቱን በቡጢ መታው፤ ከኋላው የቆሙት ሴትዮ “ምነው ልጄ፣ ማር አታስገባም?” አሉት። ማር እኮ አስገብቷል!

በነጋታው የንግግር ክሊኒኩ ባለሙያ አቶ ልዑልሰገድ ዘንድ ሄደ። ልዑልሰገድ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ያፍራል።

“አውጡልኝ” አለ እንድሪስ። “በውሸት አስመሰከረኝ።”

“ማሩ ውሸት አያስተምርም፣ አቶ እንድሪስ። እውነትና ውሸት አይለይም። የሚያውቀው ፍሰት ብቻ ነው።”

“ይሄው ነው እኮ! አንዲት ሴት ዘጠኝ ዓመት ልትታሰር ነው፣ እርስዎ ስለ ፍሰት ያወሩኛል!”

ልዑልሰገድ ፊቱ በራ። “ሰሙት? እንዲህ ያለ ረጅም ዓረፍተ ነገር፣ በንዴት ላይ ሆነው፣ አንድም ሳይያዙ!” ብሎ ሰሌዳው ላይ ምልክት አደረገ። እንድሪስም፣ አላህ ያሳያችሁ፣ እየተናደደ ደስ አለው። ጠብታዋ ለንዴቱም ወርዳለች። የገዛ ቁጣውን ከእጁ ቀምተው በስኳር ለውሰው መለሱለት። “ማውጣት የሚቻለው ቀስ በቀስ በአርባ አምስት ቀን ነው” አለ ልዑልሰገድ። “በአንድ ጊዜ ካወጡት አንጎልዎ ያዝናል። ምግብ አይቀምስዎትም፣ ልጅ አያስቅዎትም።” ችሎቱ ግን ከስድስት ቀን በኋላ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ዘምዘም አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኛት። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ፋብሪካ ሲገባ ሥራ ያስለመደችው እሷ ናት፤ እታለም ነው የሚላት። ተነስታ አልተቀበለችውም።

“እታለም፣ ይቅር በይኝ። ስምሽን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በቃ አፌ ከዳኝ” አለ። ቃሉ እንደ ውሃ ወረደ። ጠብታዋም ተከተለች። ከንፈሩ በገዛ ፈቃዱ ወደ ላይ ሲሳብ ተሰማው።

ዘምዘም አፈጠጠችበት። “ትስቃለህ?”

“ኧረ ወላሂ…”

“ፊትህ እኮ ይስቃል! ጋሼ አራጋውን በአንሶላ ለቅመው ነው የቀበሩት፣ እኔ ልጆቼን ጎረቤት በትኜ እዚህ ተቀምጫለሁ፣ አንተ ፊቴ ቆመህ ትስቃለህ!”

እንድሪስ በአንድ እጁ አፉን ሸፈነ፣ በሌላው ከጆሮው ጀርባ አመለከታት። ይቅርታ መጠየቅ እንኳ ሊያስደስተው ነው። ከዚህ በላይ ውርደት አያውቅም፤ ክፍል ውስጥ ሲያንተባትበው ልጆች ሁሉ የሳቁበትም ቀን ይህን አያህልም።

ሌላ ሰው ቢሆን ያባርረው ነበር፤ ዘምዘም ግን ዘጠኝ ዓመት የተደቀነባት ሰው ናት፣ መኩራት አይጠቅማትም። “ስማ” አለችው። “እስረኛ የችሎት ደንብ ይነበብለታል። ሦስት ጊዜ አስነብቤዋለሁ። ደንቡ ሲወጣ የወሎ ሽማግሎች አንድ ነገር አናስነካም ብለው አስቀርተዋል። ችሎት ላይ ‘በሕግ አምላክ’ ያለ ሰው እንደ ድሮው ሁሉን ያቆማል። ሰሚም መቁጠሩን ያቆማል። ሰውየው እስኪጨርስ።”

“እስኪጨርስ?”

“እስኪጨርስ ነው የሚለው። ስንት ሰከንድ አይልም። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስትጀምር ያ ነገር ጆሮህ ሥር ካለ ደግሞ አዎ ብለህ ትጨርሰኛለህ። አውጣው። ማውጣት ካልቻልክ አትምጣ።”

“ቀድሞ የዋሸሁት ሦስት ዓመት ያስፈርዳል” አለ እንድሪስ።

“ከዘጠኝ ሦስት ይሻላል። አትቆጥርም?”

ሐኪም ያልነካውን ወጌሻ ይነካዋል። የስብራት ወጌሻው አባ ጀማል እንድሪስን ዛፍ ሥር አስቀምጠው፣ ከጆሮው ጀርባ በምላጭ ቀደዱና ያቺን ፍሬ በወረንጦ አወጧት። “ይህቺ ናት?” አሉና መሬት ላይ ጣሏት። አንዲት ዶሮ መጥታ ለቀመቻት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንድሪስ ለማንም አልተረከም። ሞት አይደለም፣ ሕመምም አይደለም። እናቱ የሠሩት ጭቅና ጥብስ አፉ ውስጥ ወረቀት ሆነበት። የጎረቤት ሕፃን ስትስቅ ለምን እንደምትስቅ አልገባው አለ። በሦስተኛው ቀን እግሩ ሳያማክረው ወስዶት ራሱን ክሊኒኩ በር ላይ አገኘው። መልሰህ አስገባ የሚለው እሱ አልነበረም፤ ያስለመዱት አንጎሉ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ሌላ ጌታ ቀጥረውበት ኖረዋል፣ አስፈርመውት፣ እያጨበጨቡለት። በንዴት ድንጋይ አንስቶ የክሊኒኩን መስተዋት ሰበረ። ፍሬዋ ከወጣች ወዲህ የተሰማው የመጀመሪያ እውነተኛ ደስታ ያ ነበር፤ ማንም ያላወረደለት።

እናቱ የጆሮውን ቁስል ሲያዩ አለቀሱ። “ተፈቶልህ ነበር እኮ፣ ልጄ!” አሉ። ሊመልስላቸው ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ተይዞ ቀረ።

በችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ፍርዱን የሚሰጠው ማሽን ሳይሆን ሰው ነው፣ ወይዘሮ ሐረገወይን የሚባሉ ዳኛ፤ ጆሯቸው ግን ሰሚ ነው። ደምመላሽ አስቀድሞ መሰከረ። ከተፈጥሮው አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ማር አያስፈልገውም። ስለ ጋሼ አራጋው ሲናገር ድምፁ በልኩ ተንቀጠቀጠ፤ ስለ ዘምዘም ግትርነት ሲናገር በልኩ አዘነ። “ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ” አለ ሰሚ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሱ።

“በሕግ አምላክ!” አለ እንድሪስ።

ቃሉ አልተያዘም። ዶሴ ይዞ ይሄድ የነበረው ፖሊስ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ዕድሜያቸው የገፋው ሁሉ ባሉበት ደረቁ፤ አባቶቻቸው ያስተማሯቸው ነገር ነውና። ወጣቶቹ እየተያዩ ቆሙ። የሰሚ ቀይ መብራት ጠፋ።

“ይናገሩ” አሉ ዳኛዋ።

“ቫ… ቫልቩን ያሰረው…” አለ እንድሪስ፤ ስሙ ላይ ደረሰና ጉሮሮው ገጠመ። መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ተጨፈነ፣ እግሩ መሬቱን ይደበድብ ጀመር። “ኃላፊው” ማለት ይችል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ቀርቦ፣ ለስልሶ ይጠብቀዋል። ፋብሪካው ግን ሦስት የፈረቃ ኃላፊ አለው፤ የደምመላሽ ጠበቃ በዚያች ስንጥቅ ያሾልከዋል። እንድሪስ ዕድሜውን ሙሉ በተለዋጭ ቃል ኖሯል። ዛሬ አልዞርም አለ። ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ከአድማጩ መካከል አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ከንፈሩን መጠጠ።

የደምመላሽ ጠበቃ ተነሳ። “ክብርት ዳኛ፣ ሰውየው ዘምዘም ናት ሊል ነው፣ ቀድሞም…”

“ቃሉን ከአፉ አይንጠቁት!” አሉ ዳኛዋ። “ይቀመጡ!”

አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ “ደ… ደ… ደምመላሽ” አለ እንድሪስ። ላብ በአንገቱ ይወርድ ነበር። አላቆመም። ዘምዘም እምቢ ማለቷን፣ መሐንዲሱን ልትጠራ መሮጧን፣ ፒንሳው የማን እንደሆነ፣ ማን አቀብሎ ማን እንደተቀበለ፣ ሽቦው ስንት ጊዜ እንደተጠመጠመ ተናገረ። ምላሱ የማይያዝ ሰው በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰው ነገር ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ዘምዘም ብቻ አልተንቀሳቀሰችም፤ እያንዳንዱን ቃል በዓይኗ እየተቀበለች ታስቀምጥ ነበር።

“ጨረስኩ” አለ በመጨረሻ። ቀዩ መብራት ተመልሶ በራ። “ፍሰት አራት ከመቶ” አለ ሰሚ። “ተአማኒነት…”

“ዝጉት!” አሉ ዳኛዋ። አንድ ሠራተኛ ተጠግቶ ዘጋው። ሃምሳ ደቂቃ ከገዛ ጉሮሮው ጋር የታገለ ሰው፣ ፒንሳውን እኔ ነኝ ያቀበልኩት ብሎ በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው፣ ለመዋሸት ይህን ሁሉ አይደክምም አሉ። ተከሳሿ እንድትለቀቅ፣ ደምመላሽ ከችሎቱ እንዳይወጣ አዘዙ። ደምመላሽ ብድግ ብሎ ያማረ ነገር መናገር ጀመረ፤ ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጣ።

“አሁን የእርስዎ ጉዳይ” አሉ ዳኛዋ ወደ እንድሪስ ዞረው። “በሐሰት መስክረዋል፣ ይጠየቁበታል። መዝገቡ ምክንያት ይፈልጋል።” መዝጋቢው ቅጹን ከፈተ። ቅጹ ላይ ያሉት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ጥቅም፣ ቂም፣ ፍርሃት። “ከሦስቱ የትኛው ነው? ጉቦ በልተዋል?”

እንድሪስ ራሱን ነቀነቀ።

“ቂም አለዎት ከሴትዮዋ ጋር?”

ነቀነቀ።

“ያስፈራራዎት አለ?”

“የለም።”

“እንግዲያው ለምን?”

“ጣፈጠኝ” አለ እንድሪስ።

አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ስምንት ዘጠኙ ሳያስቡት እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ ሰደዱ። መዝጋቢው ጣቱን ቅጹ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ፤ እንዲህ ያለ ምክንያት የሚሞላበት ቦታ አልነበረም። “ክብርት ዳኛ፣ ‘ጥቅም’ ከሚለው ሥር ላስገባው?” ብሎ ጠየቀ።

ዘምዘም ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ብድግ አለች።

“እንዳለው ጻፈው!” አለች። “እንዳለው!”